የዘይነባ ምላጭ

ባጃጁ ውስጥ ገብቼ ገና ጉልበቴን ሳላስተካክል ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ «ቲቸር፣ ቲቸር ዘይነባ አረፈች አይደል» አለኝ። እኔ አልሰማሁም ነበር። «የቷ ዘይነባ?» አልኩት፣ አዳማ ውስጥ ሌላ ዘይነባ የማውቅ ይመስል።

«የኛዋ ነቻ፣ የምሳ ሰዓቷ። ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርናት» አለና ባጃጁን ጥግ አስያዘ። ልጁን ልብ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። ጢም አብቅሏል፤ ትከሻው ሰፍቷል። «አላወቁኝም አይደል? ያሬድ ነኝ። የጉድጓዱ መጽሐፍ መጨረሻው የኔ ነበር» አለኝ።

ይህን ንግግር ሌላ ሰው ቢሰማው ልጁን ፀሐይ መትቶታል ይላል። እኔ ግን ወዲያው አወቅሁት። የዘይነባ ልጆች የትም ቢያገኙኝ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁኝ እንዲህ ነው። አንዷ ባንክ ቤት በመስኮት ብቅ ብላ «የነጋዴው መጽሐፍ መጀመሪያው የኔ ነበር» ብላኛለች። የክፍል ቁጥራቸውን ይረሱታል፤ የያዙትን ቁራጭ ግን አይረሱም።

ገበያ መሄዴ ቀረና ወደ ለቅሶው ዞርን። መንገዱን ሙሉ ያሬድ ያወራል፤ እኔ ደግሞ ስለዚያች ሴትዮ የማውቀው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አሰላስል ነበር። ስንት ዓመት አንድ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ተቀምጠን ሻይ ጠጥተናል። ምን እንደምታደርግ አይቻለሁ። ለምን እንደምታደርገው ጠይቄ ግን አንድም ቀን የረባ መልስ አላገኘሁም።

ዘይነባ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህርት ነበረች። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው አዳማ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ናቸው። እሷ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ብታድግም «አብሽር» የምትል ቃል ከአፏ አትጠፋም ነበር። ረጅም ናት፤ ስትራመድ መኪና ሊያመልጣት የደረሰ ትመስላለች። እርሳሷን በሒጃቧና በጆሮዋ መሃል ትሰካና ቀኑን ሙሉ እርሳስ ስትፈልግ ትውላለች። ከሁሉም በላይ ግን አገጯን ቀና አድርጋ «እሺ፣ ከዚያስ?» የምትላት ነገር ነበረቻት። ጥበቃው ስለ ጎረቤቱ አጥር ሊያማርራት ይጀምርና እሷ «ከዚያስ?» እያለች ስታስቀጥለው ደወል ይደወላል። አንዴ ርዕሰ መምህሩ አርፍዳ ክፍል ገባች ብሎ ቢሮው አስጠርቶ ሲቆጣት፣ መሃል ላይ አገጯን ቀና አድርጋ «ከዚያስ?» አለችው። ሰውየው አፌዘችብኝ ብሎ ሰንብቶ አኩርፏታል። አላፌዘችም። የቁጣውን መጨረሻ የምሯን መስማት ፈልጋ ነበር።

ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ነው የሚሠራው። የጠዋቶቹ ሲወጡ የከሰዓቶቹ ይገባሉ። አንድ ዴስክ ላይ ሁለት ልጆች ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ፊት አያውቅም። ዴስኩ ላይ በእስክሪብቶ እየተጻጻፉ የሚሰዳደቡ ነበሩ። ዘይነባ በሁለቱ ፈረቃዎች መሃል ያለችውን የምሳ ሰዓት ወሰደችና የተሰበረ ወንበር የሚከማችበትን ክፍል አስጠርጋ የንባብ ክበብ ከፈተችባት። የጠዋት ልጆች ሳይሄዱ ይቆያሉ፤ የከሰዓት ልጆች ቀደም ብለው ይመጣሉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የአዳማ ፀሐይ ደግሞ ይታወቃል። እንዲያም ሆኖ ክፍሉ ይሞላ ነበር።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። እንዲህ ያለውን ክበብ መምራት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ነገር ግን ምሳዬን በሰላም መብላት የምወድ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ግን ይህች የባዮሎጂ መምህርት ልጆቹን ምን ብታደርጋቸው ነው የሚሮጡላት የሚለው ነገር አላስቀምጥ አለኝና ሄጄ በበሩ አጮለቅሁ። ምነው ባላየሁ። ዘይነባ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ጠረጴዛ ላይ አጋድማ፣ እንቁራሪት በምትከፍትበት ምላጭ ጀርባውን እየሰነጠቀችው ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው? መጽሐፍ ይታረዳል?» ብዬ ዘልዬ ገባሁ።

«መጽሐፉ አንድ ነው፤ ልጆቹ እነዚህ ሁሉ ናቸው። በል አንተ አካፍልልኝ» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

መጽሐፉ የትምህርት ቤቱ አልነበረም። ከአሮጌ መጽሐፍ አዟሪዎች በራሷ የምትገዛው ነው። ትሰነጥቀውና እያንዳንዱን ቁራጭ በነጭ ክር ትሰፋዋለች፤ ከዚያ አንዱን ቁራጭ ለአንድ ልጅ። ልጁ ቤቱ ወስዶ የራሱን ያነባል፤ የሌላውን ማየት ክልክል ነው። ተራው ሲደርስ ቆሞ ያነበበውን በቃሉ ይተርካል። እሱ የጨረሰበት ላይ የሚቀጥለው ይነሳል። የመሃሉን የያዘ ልጅ ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ ሳያውቅ ያነብና የመጀመሪያዎቹ ሲተርኩ ቀስ በቀስ ይገባዋል። «አሃ! ለዚህ ነዋ የሚያለቅሰው!» ብሎ የሚጮህ ልጅ ሁልጊዜ አይጠፋም ነበር። በጣም የሚሰቃየው ግን መጨረሻውን የያዘ ነው። ያሬድን አፉን ለማስከፈት የወንጂ ሸንኮራ ያልገዛለት ልጅ የለም። ሸንኮራውን ይበላና ዝም ይላል።

ሁለት ሕግ ነበራት። አንደኛው፣ ሥጋ ያለበት ምሳ ዕቃ አይገባም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጅ ያለውን መሃል ላይ አቅርቦ አብሮ እንዲበላ ነው። ፆም ሲገባ ደግሞ፣ የረመዳንም ይሁን የሁዳዴ፣ የሚፆሙት ልጆች ሆዳቸውን ለመርሳት ስለሚመጡ ቦታ ይጠፋል። ሁለተኛው ሕግ ያስገረመኝ ነው፤ እሷ ራሷ መጽሐፉን አስቀድማ አታነበውም። «ካነበብኩት ልጆቹ ፊቴን አይተው ያውቁብኛል» አለችኝ። እኔ የማላውቀውን ነገር ሳስተምር ላብ ያጠምቀኛል። እሷ ግን የማታውቀውን እየጠበቀች ከልጆቹ ጋር ወለል ላይ ትቀመጥ ነበር።

የጉድጓዱ መጽሐፍ የምንለው ሽፋኑ ወልቆ ርዕሱም አብሮ የጠፋ ነው። ታሪኩ የአንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ወንድሙ ከላይ ገመዱን ይዞ ቆፋሪው ይወርዳል፤ ገመዱ ይቆረጣል፤ ሰውየው እዚያው ይቀራል። አገሩ ሁሉ ወንድሙን ገዳይ ይለዋል። ልጆቹ እዚህ ድረስ እንደደረሱ አበዱ። ገመዱን ማን ቆረጠው? የጠዋት ፈረቃ ወንድምየው ነው አለ። የከሰዓት ፈረቃ አይደለም አለ። ጠቡ ከክፍሉ ወጥቶ በር ላይ ሲቀጥል አይቻለሁ።

መልሱ ያለበትን ቁራጭ የያዘችው ሐዊ የምትባል የከሰዓት ልጅ ነበረች። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በአፋን ኦሮሞ ነው የተማረችው፤ አማርኛ ታነባለች፣ ግን ቀስ እያለች። ዝምተኛ ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ተራዋ በደረሰበት ቀን ቀረች። በማግስቱም ቀረች። ክፍሏም አልገባችም። የጠዋቶቹ «የከሰዓት ልጆች መጽሐፉን አጠፉብን» ብለው ተነሱ። አንዳንዶቹ ዘለን እንቀጥል አሉ። ዘይነባ እምቢ አለች፤ የክበቡን በር እየከፈተች ልጆቹን ምሳ አብልታ ብቻ ትሸኛቸው ጀመር።

እኔ መላ ያገኘሁ መስሎኝ ያንኑ መጽሐፍ ከነሙሉ ገጹ ከአንድ አዟሪ ፈልጌ አመጣሁላት። ደስ ይላታል ብዬ ፊቷን ሳይ፣ ሳትከፍተው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አታነቢውም?»

«እኔ የምፈልገው ሐዊን ነው» አለች። «ይህን ካነበብንላቸው ማን ይፈልጋታል?»

ቅዳሜ የሐዊን እናት ፍለጋ መናኸሪያ ሄድን። አዴ ዲንቄ ይሏታል፤ አውቶቡስ በር ላይ የተቆላ ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልላ ለመንገደኛ ትሸጣለች። ዘይነባ «አካም ነጉማ» ብላ ጉንጯን ሳመቻትና ስለ ሐዊ ጠየቀቻት።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች አዴ ዲንቄ። «ራሷ ናት ትምህርት በቃኝ ያለችው። ሞጆ አክስቴ ጋ ሄጄ ልሥራ ብላ ሄደች። ለምን ስላት ታለቅሳለች። መታችኋት እንዴ?»

«ኧረ በአላህ! ማንም አልነካትም።»

«አንድ ነገር አለ። ልጄን አውቃታለሁ፤ ትምህርት ነፍሷ ነው» አለችና ባዶ እጃችንን እንዳንቆም አንዳንድ ጥቅል ኦቾሎኒ ሰጠችን።

እኔ የተጻፈ ነገር ሳላነብ የምጥል ሰው አይደለሁም። ኦቾሎኒውን ጨረስኩና ጥቅሉን ፈታሁት። ወረቀቱ ወንድምየው መዳፉ እየደማ ገመዱን አልለቅም ማለቱን ይተርካል። ጠርዙ ላይ የነጭ ክር ቀዳዳ አለው። «ዘይነባ፣ ይሄ እኮ…» ከማለቴ እግሬን ረገጠችኝ። ቀስ ብላም አልነበረም።

«አዴ ዲንቄ፣ ይሄን ሁሉ ወረቀት ከየት ነው የሚያመጡት?» አለቻት፣ ነገሩን እንደ ወግ አድርጋ።

«ሐዊ ናት የምትሰጠኝ፣ ዓመት ሲያልቅ አሮጌ ደብተሯን። ሰሞኑን አልቆብኝ መደርደሪያዋ ላይ ሽፋን የሌለው ቅዳጅ አገኘሁ፤ እሱን ነው የያዝኩት።»

ዘይነባ አገጯ ቀና አላለም። ከዚያስ አላለችም። «ኦቾሎኒው ይጣፍጣል፤ ያለውን በሙሉ ይስጡኝ» አለቻት። አዴ ዲንቄ ሰርግ አለባችሁ እንዴ ብላ ሳቀች፤ ዘይነባም ልጆች አሉብን አለቻትና ጥቅሎቹን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት አስቋጥረን፣ የአክስትየውንም ቤት ጠይቀን ወደ ሞጆ ሚኒባስ ገባን።

ሚኒባሱ ውስጥ አንዱን ጥቅል ልፈታ ስል እጄን መታችኝ። ለእናትየው ለምን እንዳልነገርናት ስጠይቃት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጅቷ ትምህርቷን ያህል ነገር የተወችው እናቷ እንዳታውቅ ብላ ነው። እኛ መንገድ ላይ ቆመን እናፍርስባት?» አለችኝ። ሞጆ እስክንደርስ ከረጢቱን እንደ ሕፃን ታቅፋው ነበር የሄደችው።

የአክስትየው ምግብ ቤት ከደረቅ ወደቡ ወጣ ብሎ፣ ከባድ መኪኖች ተደርድረው ተራ የሚጠብቁበት ነው። ሐዊ ጓሮ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ስታየን ተነስታ ልትሸሽ ነበር። ዘይነባ አንድ ጥቅል ኦቾሎኒ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ እኛን አየች፣ ከዚያ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«እማዬ አወቀች?»

«አላወቀችም።»

«ወላጅ አምጪ ትሉኛላችሁ ብዬ ነው። እማዬ ከመጣች መጽሐፍ እንደቀደደች ትነግሯታላችሁ። ማንበብ እንደማትችል ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ። ታፍራለች፣ ቲቸር። እኔ ብቀር ይሻላል።» ይህን ስትል የሽንኩርቱን እንባ ከራሷ እንባ መለየት አይቻልም ነበር። እኔም ዞር አልኩ።

ዘይነባ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ አጠገቧ ተቀመጠች። «ስሚኝ ሐዊ። መጽሐፉን የበታተንኩት እኔ ነኝ። ሽፋን ሳላደርግለት ለልጅ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። እናትሽ ወረቀት መስሏት ወረቀት አደረገችው፤ ምን አጠፋች? አብሽሪ። ይልቅ ንገሪኝ፣ አንብበሽው ነበር?»

«ደጋግሜ።»

«ገመዱን ማን…» አለችና ዘይነባ ራሷን ያዘች። ሐዊ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ሴትዮዋ ሁለት ጆሮዋን ደፈነች። «አይሆንም! አትንገሪኝ! ሰኞ ነው። ልጆቹ ሳይሰሙ እኔ ልስማ?» ሐዊ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን ዘይነባን እመለከታት ነበር፤ ጣቶቿን ከጆሮዋ ላላ ታደርግና ደግሞ መልሳ ትጫናቸዋለች። የዚያን ያህል መስማት ትፈልጋለች።

አክስትየው ደግ ሴት ናት። «እኔ መች ያዝኳት? ውሰዷት፤ የዛሬውን ሽንኩርት ግን ጨርሳ ትሂድ» አለች። ሦስታችንም ቁጭ ብለን ላጥን።

ሰኞ የምሳ ሰዓት ዘይነባ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥቅል አደለች። ከየት እንደመጣ አልተናገረችም፤ «ብሉና ወረቀቱን እንዳትጥሉ፣ የዛሬው ንባብ እሱ ነው» አለች። ልጆቹ ጨዋታ መሰላቸው። በየጥቅሉ ውስጥ አንዳንድ ገጽ አለ፤ ቅባት ጠጥቷል፣ ይሸታል። ወለል ላይ በገጽ ቁጥሩ መደርደር ጀመሩ። ጠዋትና ከሰዓት ተቀላቅለው «ያንተ ከኔ በፊት ነው» እየተባባሉ፣ እየተገፋፉ ደረደሩት። መሃል ላይ ግን ክፍተት ቀረ። ገመዱን ማን እንደቆረጠ የሚናገሩት ገጾች የሉም። ኦቾሎኒ የገዛ አንዱ መንገደኛ ይዟቸው ወደ አቦምሳ ይሁን ወደ አዋሽ ሄዷል።

እኔ የዘይነባን ቦርሳ አየሁ፤ ሙሉው መጽሐፍ እዚያ ውስጥ ነው። እሷ ቦርሳውን አላየችም። «ይህን ቁራጭ ያነበበ ሰው አለ?» ስትል ሐዊ ከኋላ ተነሳች።

በአማርኛ ጀመረች። ቀስ እያለች፣ ቃል እየመረጠች ወንድምየው ገመዱን ይዞ እንዴት እንደቆመ፣ አፈሩ እንዴት ከእግሩ ሥር መናድ እንደጀመረ ተረከች። ከዚያ ፈጠነች፣ ስትፈጥን ደግሞ አማርኛው አልበቃ አላትና ወደ አፋን ኦሮሞ ገባች። የክፍሉ እኩሌታ ትንፋሹን ዋጠ። አፋን ኦሮሞ የማይሰሙት ደግሞ፣ ያሬድ ከፊት ሆኖ፣ «ምን አለች? ምን አለች? ኧረ ንገሩን!» እያሉ ጓደኞቻቸውን ይጎትቱ ጀመር። ዘይነባ ሁለቱንም ስለምትሰማ ቀድማ ሰማች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

ሐዊ ቆመችና በአማርኛ ደገመችው። «ገመዱን የቆረጠው ራሱ ቆፋሪው ነው። ከታች ሆኖ አየ። ወንድሙ ካልለቀቀ አብሮ ይገባል። ስለዚህ በቢላዋው ቆረጠው። ወንድሙ ግን አላወቀም።»

ከዚያ አንዷ «ለምን አልነገረውም?» አለች። «ከነገረው እምቢ ይለዋላ» አለች ሐዊ፤ ተቀመጠችም። ከዚያን ቀን በኋላ ሐዊ ከክበቡ አልቀረችም።

ዘይነባ ያመጣሁትን መጽሐፍ የመለሰችልኝ ያሬድ መጨረሻውን ተርኮ ከጨረሰ በኋላ ነው። ወዲያው ያንን ቦታ ገልጬ አነበብኩት። ልጅቷ የጨመረችውም የቀነሰችውም አልነበረም። ዘይነባ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ከሲሚንቶ ከረጢት ሽፋን ትሰፋለት ጀመር። አንዴ «ይህን ሁሉ ለምንድን ነው የምትደክሚው?» ብዬ ጠይቄያት፣ «ምን እንደሚሉ ማወቅ እፈልጋለሁ» ብላኝ እርሳሷን ፍለጋ ሄደች። እኔ ይህን ያኔ መልስ ነው ብዬ አልቆጠርኩትም።

የዘይነባ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚበዙት እነሱ ነበሩ፤ የየመጽሐፉ ቁራጮች፣ ጎልምሰው። ተቀምጬ ቆየሁና ልወጣ ስል በር ላይ አዴ ዲንቄን አገኘኋት። አርጅታለች። ሐዊ ክንዷን ይዛታለች፤ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ነው የመጣችው።

«መምህር» አለችኝ አዴ ዲንቄ እጄን ይዛ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን መናኸሪያ መጥታችሁ ኦቾሎኒዬን በሙሉ ዘይነባ የገዛችኝ ለምንድን ነው? ልጄን ስጠይቃት አላውቅም ትለኛለች። እሷንም ጠይቄያት ነበር፤ ስቃ ዝም ነው የምትለኝ። አሁን እሷም ሄደች።»

ሐዊ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ።

«ኦቾሎኒ በጣም ስለምትወድ ነው» አልኩ።

«ለዚያ ብቻ?»

«ለዚያ ብቻ።»

አዴ ዲንቄ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ምነው እሱን ያኔ ነግራችሁኝ ቢሆን» አለች። «ስንት ዓመት እዚያ በር ላይ ተቀምጬ። በየሳምንቱ ቆልቼ አመጣላት ነበር እኮ፣ ያለ ገንዘብ።»